ከበሩ ሥር የወጡ ጣቶች

ሲስተር ፈለቀች ማረፏን የነገረኝ ወንድሜ ተካ ነው። የወሩን መርፌ ሊወጋ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ገና በሩ ላይ ሳለ ኮፍያውን አወለቀ። ተካ ለመኝታ ካልሆነ ኮፍያውን አያወልቅም።

«ጋሼ፣ ሲስተር አረፈች» አለኝ።

«የትኛዋ ሲስተር?» አልኩት፣ የትኛዋ እንደሆነች እያወቅሁ። ማወቄን ስላወቀ አልመለሰልኝም።

«ድንገት ነው?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጫማውን እያየ፣ «ለቅሶው ለቡ፣ መብራት ኃይል ሰፈር ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን» አለ።

እኔ አላለቀስኩም። ይቺን ሴት አንድ ቀን ዱላ አንስቼ ከግቢዬ ያባረርኩ ሰው ነኝ፤ ከማልቀስ ይልቅ የሆነውን መናገር ይሻለኛል ብዬ ይኸው እስክሪብቶ ይዣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። እጄ የለመደው ቁልፍና ዱላ ነው። የተጣመመ ነገር ካለ አንባቢው አቃንቶ ያንብብልኝ።

መጀመሪያ የተካን ነገር ልናገር፤ ያለሱ የሲስተር ነገር አይገባም። ተካ ታናሼ ነው፣ በአስራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። ሕመሙ የጀመረው ሃያዎቹ ውስጥ ሳለ ነው። እኛ የማንሰማውን ይሰማል፤ እኛ ከማናየው ሰው ጋር ይከራከራል። ጠበል ወስጄዋለሁ፣ ደጋግሜ። በኋላ መርፌው ተጀመረለትና ድምፆቹ ራቁለት፤ እሱ ግን አብሮ ዝም አለ። እናታችን ስትሞት እጄን ይዛ «ተካን አደራ» አለችኝ። አደራ የተባለ ዕቃ ቢሆን ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሰውን እንዴት እንደሚያስቀምጡት ግን አልነገረችኝም።

አንድ ክረምት ጠፋብኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጀሞን ከላይ እስከ ታች፣ የለቡን ወንዝ ዳር ዳሩን ፈለግሁት። ያገኘሁት ወደ ቃሊቲ መሄጃ አንድ ጋራዥ አጥር ሥር ተኮራምቶ ነው። ሌባ መስሏቸው ደብድበውታል፤ ሁለት ጥርሱ የለም። እየደገፍኩ አምጥቼ አጠብኩት። በማግስቱ ወፍራም ጓጉንቸር ገዛሁ።

ያኔ ወደ ጀሞ አቅጣጫ አንድ የሴራሚክ መጋዘን የቀን ጥበቃ ነበርኩ። ጠዋት ዳቦውን፣ ውሃውን፣ ባልዲውን አስቀምጥለትና በሩን ከውጭ ቆልፌ እሄዳለሁ። ሲመሽ መጥቼ እከፍታለሁ። ስድስት ዓመት እንደዚያ ኖርን። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል!» ይለኝ ነበር። እኔም በልቤ የት ይገኛል እል ነበር።

ሲስተር የመጣችው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አጭር፣ ደልዳላ፣ ሃምሳን የተጠጋች ሴት ናት። ፋይሏን ዝናብ እንዳይነካው በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛዋለች። እስክሪብቶዋ በሲባጎ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ እስክሪብቶ አይበረክትም ትል ነበር። ለሰላምታ ጊዜ አትፈጅም። ሰው ሲያንዛዛባት በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጉልበቷን ትመታለች። ሳቂታ አልነበረችም፤ ደግ ፊት ነበራት ብዬም አልዋሽም።

«አቶ ተካ እዚህ ናቸው?» አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። አቶ ተካ የሚባል ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ተካ ነው፤ ይበልጡንም «የጋሽ በየነ ወንድም»።

«ተካን ነው? ይኸው» አልኳት።

ተቀመጠችና ነገሩን አስረዳች። እስካሁን ጤና ጣቢያው የሚጠይቀው ድምፁ ቀርቷል ወይ፣ መርፌውን ይወጋል ወይ እያለ ነው። አሁን ግን ሰውየው እንዴት እንደሚኖር ይፈለጋል። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ከሰው ጋር ያለው ነገር፣ የሚውልበት ቤት። «ኑሯቸውን ልንለካ ነው» አለች።

«ኑሮ በምን ይለካል? በሜትር ነው በኪሎ?»

«በጥያቄ» አለች፣ ፊቷን ሳትፈታ።

ከዚያ ማንበብ ጀመረች። «በእንቅልፍዎ ምን ያህል ረክተዋል? በጣም አልረካሁም፣ አልረካሁም፣ መካከለኛ፣ ረክቻለሁ፣ በጣም ረክቻለሁ።» ረክቻለሁ የሚል ቃል ከሬዲዮ በቀር ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ተካ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩ።

«ተመስገን ነው፤ ይተኛል።»

ምግቡስ? «ተመስገን።» ከሰው ጋርስ? «ተመስገን፤ ማንም አይነካውም።» ቤቱስ? «ኧረ ተመስገን፤ ዝናብ አይገባ!» ወረቀት ይዞ ለመጣ እንግዳ ቤቱን የሚያማርር ሰው በእኛ ወግ የለም። በዚያ ላይ እግዜር ይሰማል። ተመስገን ባልኩ ቁጥር እሷ በወረቀቱ ዳር የመጨረሻዋ ሣጥን ላይ ምልክት ታደርጋለች። ግማሽ ሰዓት አልሞላንም፤ ጨረስን። ተካ አፉን መልሶ ዘጋ። ወጥታ ስትሄድ፣ ጥሩ መለስኩላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ የሥራ ቀን፣ እግሬን አሞኝ በጊዜ ወጣሁ። ግቢው ስገባ ሲስተር ፈለቀች ከተቆለፈው በራችን ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፋይሏ ጉልበቷ ላይ ነው። የቆርቆሮ በሩን እንደ ሰው ታናግረዋለች።

«አቶ ተካ፣ ይኼኛው ስለ ቀንዎ ነው። አንድ ጣት መጥፎ፣ አምስት ጣት ጥሩ። አይቸኩሉ።»

በሩና መሬቱ መካከል አንድ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት የወንድሜ እጅ ወጣ። አፈር ላይ ሁለት ጣት ዘረጋ። ጣቶቹ ነጥተዋል፤ ፀሐይ ያላየ ተክል ይመስላሉ። እሷ ጎንበስ ብላ አየችና ወረቀቷ ላይ ጻፈች። እጁ ተመልሶ ገባ።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን በደንብ ለመናገር ቃሉ የለኝም። ንዴት ነበር። ንዴት ብቻ አልነበረም፤ ግን ለመናደድ ቀለለኝ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አልኳት።

«አቶ ተካ» አለች፣ ሳትነሳ።

«የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ!»

«ጋሽ በየነ፣ ያን ቅዳሜ ተሳስቼ ነው የሄድኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ቢሮ ገብቼ ስደምረው አቶ ተካ ከእኔ የተሻለ ነው የሚኖሩት። ወዲያኛው ቤት ያለችው ታካሚ ልጅም፣ ከጀርባ ያሉት ሰውዬም እንደዚያው። በዚህ ሰፈር የከፋው ሰው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ።»

«ታዲያ ተመስገን ማለት ነውር ሆነ?»

«ነውር አይደለም። ምስጋናው የእግዜር ነው፤ እሱን ሰጠነው። አሁን ደግሞ ለእኔ ይነገረኝ ነው የምለው።»

«ያ ሁለት ጣት ለምንድን ነው? ምን ብሎሽ ነው?»

«እሱ የሳቸው ነው።»

«ወንድሜ እኮ ነው!»

«ወንድምዎ ናቸው። መልሱ ግን የሳቸው ነው። ይጠይቋቸው።»

ያኔ ነው ዱላዬን ያነሳሁት። አልመታኋትም፤ ግን አንስቻለሁ፣ ማንሳቴን ጎረቤት አይቷል። እሷ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፤ ከዚያ ወደ ክፍተቱ ጎንበስ ብላ፣ «አቶ ተካ፣ አስራ አራተኛው ላይ ነው ያቆምነው፤ እመለሳለሁ» አለችና በእኔ ጎን አልፋ ሄደች። አልሮጠችም። በዱላ የሚባረር ሰው እንደዚያ አይሄድም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልጠየቅሁትም። እልኸኛ ነኝ፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ራት አቀርባለሁ፣ እንበላለን። ግን በበላን ቁጥር ዓይኔ ጣቶቹ ላይ ነው። እንጀራ ሲቆርስ አያለሁ። ኩባያ ሲይዝ አያለሁ። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

«ያ ሁለት ጣት ለምንድን ነው?» አልኩት።

ጉርሻውን አላመጠ፤ ዋጠ። «ለቀኔ» አለ።

«ቀንህ ምን ሆነ?»

«ቀኔ ሁለት ድምፅ ነው፣ ጋሼ። ጠዋት ስትቆልፍ፣ ማታ ስትከፍት።»

ከዓመታት ወዲህ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ነገር ይህ ነበር። «ስለኔስ ጠይቃሃለች?» አልኩት።

«ጠይቃለች።»

«ስንት አልክ?»

ሦስት ጣት አሳየኝ።

«ሦስት?! ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜህ፣ ሦስት?»

«ጓጉንቸሩ ባይኖር አራት ነበር።»

«አምስተኛውስ?»

«ታንኮራፋለህ» አለኝ።

በነጋታው ከሥራ አስፈቅጄ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቃት አልነበረም፤ ልጣላት ነው። ከክፍሏ ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት አለቃ ወረቀቶቿን ይገለብጣል።

«ሲስተር፣ ይሄ ተካ የሚባለው ሰውዬ መርፌውን ሳያቋርጥ እየወሰደ እንዴት ነው በሁለት ሳምንት የወረደው? መጀመሪያ ያመጣሽው ቁጥር እኮ ቆንጆ ነበር።»

«መጀመሪያ የለካሁት ወንድማቸውን ነው» አለች። «እሳቸውን የለካሁት አሁን ነው።»

«ለበላይ አካል እንዲህ ሆኖ ሲሄድ እኛ ያልሠራን ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ይግባ በቃ።»

«እንግዲያው ስሜን ሰርዘህ በራስህ እጅ ጻፈው።»

ልጁ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ፊቱ ቀልቶ ወጣ። እኔም ለጠብ ያዘጋጀሁት ቃል ከአፌ ጠፋ። ስገባ አየችኝና፣ «ዱላውን አምጥተውታል?» አለች።

«በር ላይ ተቀበሉኝ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ተቀምጬ የፈራሁትን ነገርኳት። ዘጠኙን ቀን፣ ጋራዡን፣ ጥርሱን። «እሺ ከፈትኩለት እንበል። ሀይሌ ጋርመንት መንገድ ላይ መኪና ቢገጨውስ? እንደገና ሌባ ቢሉትስ? ያኔ ወረቀትሽ ምን ያደርግልኛል?»

እስክሪብቶዋን ጉልበቷ ላይ መምታት አቆመች። «እኔም እፈራለሁ፣ ጋሽ በየነ» አለች። «ምንም አይሆኑም ብዬ ልምልልዎ አልችልም። ግን ከቆለፉባቸው ጀምሮ ያልጠፉት ለእርስዎ ነው እንጂ ለራሳቸው ጠፍተዋል። ካልፈለጉ አይክፈቱ። ከከፈቱ ግን የመጀመሪያውን ቀን አብሬዎት እጠብቃለሁ።»

ቃሏን ጠበቀች። በእረፍት ቀኗ መጣች። ተካ ኮፍያውን አድርጎ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በር ላይ ቆመ። ሥራው ሦስት ዳቦ ገዝቶ መመለስ ነው። ሱቁ ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ነው፤ ሄዶ መመለሻው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔና እሷ ያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አሥር ደቂቃው አለፈ። ሃያ ሆነ። ተነሳሁ።

«ይቀመጡ።»

«ወይኔ ወንድሜን!»

«ይቀመጡ፣ ጋሽ በየነ። አሁን ቢሄዱ ነገም ይሄዳሉ።» የጃኬቴን ጫፍ በእጇ ጨብጣ ይዛለች። ያኔ በሌላው እጇ የእስክሪብቶዋን ሲባጎ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ስትፈታ አየሁ። ሴትየዋ እንደ እኔ ፈርታለች፤ ፈርታ ነው የያዘችኝ። ይህን ባላይ ኖሮ አልቀመጥም ነበር።

ሰዓት ሊሞላ ሲል ተካ መጣ። ሁለት ዳቦ ይዟል።

«የት ቆየህ?» ጮህኩበት።

«ወረፋ ነበር። ሰዉ ‹ይቅርታ አባቴ› እያለ ቀደመኝ። ሁሉም ይቅርታ አሉኝ፣ ጋሼ። እኔ እሺ አልኳቸው።»

«ሦስተኛው ዳቦስ?»

«በላሁት። ትኩስ ነበር።»

ሲስተር ፈለቀች ፋይሏን ከፌስታሉ አወጣች፤ ወረቀቱን ገለበጠችና ጀርባው ላይ አንድ ነገር ጻፈች። የጻፈችውን ለተካ አሳየችው፤ ተካ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። በወረቀቱ ፊት ያሉት ሣጥኖች ጠባብ ናቸው፤ ትኩስ ዳቦ አይገባባቸውም። «ፊቱ ለአለቆቼ ነው፤ ጀርባው ለኔ» ትል ነበር። የብዙ ሰው ወረቀት ጀርባ እንደዚያ በጽሑፍ ተሞልቶ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። የትም እንደማይደመር ታውቃለች፤ ግን ትጽፋለች።

ጓጉንቸሩን አልጣልኩትም። ንብረት አይጣልም። ተካ ተቀበለኝና በሳጥኑ ላይ ቆለፈው፤ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን በሌላ ቀየርነው፣ ከውስጥም ከውጭም የሚቆለፍ። አንዱን ቁልፍ እሱ ያዘ። መጀመሪያ ዳቦ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ መርፌውን ራሱ ሄዶ መወጋት። ሁለት ጊዜ ታሞብኛል፣ አንድ ጊዜ ሳይመጣ መሽቶ ልቤ ቆሟል። ሁሉም ቀና ሆነ ብዬ አልጽፍም። እሷም እንደዚያ ብላ ጽፋ አታውቅም። በየጥቂት ወሩ እየመጣች ትለካዋለች፤ እኔን ወደ ግቢ ታስወጣኛለች። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የማይሰማ ወሬያቸውን እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ተካ ሲስቅ እሰማለሁ። ምን ብላው እንደሳቀ ጠይቄ አላውቅም፤ ተምሬያለሁ።

ተምሬያለሁ ስል ግን ውሸቴን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው፣ ከማረፏ ሁለት ወር ያህል በፊት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሷ ግን ወፍራም ሹራብ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋለች። እስክሪብቶዋ አንገቷ ላይ አለ፤ አንገቷ ግን የበፊቱ አልነበረም።

«እንዴት ነሽ፣ ሲስተር?» አልኳት።

«ተመስገን፣ ጋሽ በየነ።»

«ተመስገን ነው» አልኩ እኔም፤ የሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ረዳት «አንድ ሰው!» እያለ ይጠራ ነበርና ሮጬ ተሳፈርኩ።

ለቅሶው ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። አጠገባችን የነበረችው እህቷ ለሰው ስትናገር ሰማሁ። ሲስተር ዓመት ሙሉ ታማ ነበር። ለማንም አትናገሩ ብላ፣ እየታከመች፣ እየሠራች። «እንዴት ነሽ ስንላት ተመስገን ነው መልሷ። እኛም አመንናት» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ የቀረበልኝን ንፍሮ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ስንመለስ ከታክሲ ወርደን ወደ ቤት በእግር እንሄዳለን። ዝም ብዬ መሄድ አቃተኝ።

«ዓመት ሙሉ!» አልኩ። «ያን ሁሉ ሰው ስትጠይቅ የኖረች ሴት፣ አንድ የሚጠይቃት ሰው ትጣ?»

«እኔ ጠይቄያታለሁ» አለ ተካ።

ቆምኩ። «መቼ?»

«ስትወጋኝ። እንዴት ነሽ ስላት ተመስገን አለችኝ። ምስጋናውን ሰጠነው፣ አሁን ለእኔ ንገሪኝ አልኳት። መርፌውን አስቀመጠችና አልጋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትነግረኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም? ምን አለችህ?»

ኮፍያውን አስተካከለ። «እሱ የሷ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ዱላዬን ይዤ መንገዱ መሀል ቆሜ ቀረሁ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ አደራ ተብዬ የቆለፍኩበት። ሌላ አልጠየቅሁትም። ግቢው ስንደርስ ከኪሱ ቁልፉን አወጣ፣ በሩን ከፈተና ገለል ብሎ እኔን አሳለፈኝ፤ ታላቁ ነኝና።